በፋንቱ ስም

«የፋንቱ አካውንት ተቆልፏል። አሁኑኑ ክፈቺልኝ።»

አቶ ገብሬ ይህን ያሉት በሩን ሳያንኳኩ ገብተው ነው። ሩፋይዳ ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ የሰርቨሩን ባትሪ ገመድ እያጠበቀች ስለነበር መጀመሪያ ያየችው ጫማቸውን ብቻ ነበር፤ ለመስቀል የተገዛ አዲስ ጫማ፣ ይኼኔ የአገር ቤት ጭቃ ላይ መሆን ሲገባው የኮሌጁ ሲሚንቶ ላይ ቆሟል። ቀና ስትል ግንባሯን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨችው።

«የፋንቱን? ፋንቱ እኮ አገር ቤት ገብታለች» አለች ግንባሯን እያሻሸች።

«መግባቷን አጣሁት? ሥራዋ ግን እዚህ ነው ያለው። ሰፍያ ልትገባበት ብትሞክር እምቢ አላት። ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ይሄዳል፤ ከዚያ በፊት ማለቅ ያለበት ነገር አለ።»

«እሺ፣ አየዋለሁ።»

«ማየቱ ይቅርና ክፈቺው» አሉና በመጡበት ፍጥነት ተመለሱ። ምክትል ዲኑ በደህናው ቀን ደረጃ ሲወጡ እንኳ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው።

ሩፋይዳ የኮሌጁን ዳታቤዝ የምትጠብቅ ናት። ሥራዋ በስም ሲጠራ ትልቅ ነው፤ ሲሠራ ግን ግማሹ የሰው አካውንት መክፈት ነው። ሦስት ጊዜ ፓስወርዱን የተሳሳተ ሰው ይቆለፍበታል። ደንቡን ያወጣችውም እሷ፣ የምትለፋበትም እሷ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው አማርኛ ሲጽፍ ቆይቶ የግዕዝ ፊደል መጻፊያውን ሳያጠፋ ፓስወርዱን ስለሚመታ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ኮከብ ብቻ በመሆኑ ምን እንደጻፈ አያውቅም፤ ሦስቴ መትቶ፣ ተቆልፎበት፣ «ይኼ ዕቃሽ ጠልቶኛል» እያለ ይመጣል። አቶ ገብሬ ራሳቸው ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ መንገድ ተቆልፎባቸው፣ «እኔ ለኮምፒውተር አልተፈጠርኩም» ብለው በዚያው ቀሩ። ኮምፒውተራቸው ባለቤታቸው የሠሩለትን ነጭ ዳንቴል ለብሶ ቢሯቸው ውስጥ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል።

በኮሌጁ ደግሞ ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያከብረው ሌላ ደንብ አለ። መስቀል ሲደርስ ክርስቲያኑ ጉራጌ በሙሉ አገር ቤት ይገባል። ጴንጤውም ቢሆን ደመራውን አልለኩስም ይል እንደሆነ እንጂ ከወንድሞቹ ክትፎ አይቀርም። አረፋ ሲደርስ ደግሞ ተራው የሙስሊሙ ነው። የቀረው ለሄደው ይሠራለታል። ድሮ የሚያስረክቡት የመሳቢያ ቁልፍ ነበር፤ ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ ፓስወርድም ተጨመረበት። የሬጅስትራሩ ኃላፊ ፋንቱ ለመስቀል ስትሄድ አብራት ለምትሠራው ሰፍያ ሰጥታ ትሄዳለች፤ ሰፍያ ለአረፋ ወደ እንሴኖ ስትሄድ ለፋንቱ። ሩፋይዳ «ፓስወርድ ለሰው አይሰጥም» የሚል ማስታወቂያ በየግድግዳው ለጥፋለች። ሰዉ ያነበዋል፣ «እውነቷን ነው» ይላል፣ ፓስወርዱን ሰጥቶ ይሄዳል። አለመስጠት ጎረቤትን ሌባ ማለት ይመስላቸዋል።

ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና የተጠቃሚዎቹን ስም አወጣች። የፋንቱ ስም አጠገብ «የተቆለፈ» ይላል። የሚቀረው አንድ መስመር ትእዛዝ ጽፎ አንድ ቁልፍ መምታት ብቻ ነው። በሌላ ቀን ሻይዋን እየጠጣች ትጨርሰው ነበር። ዛሬ ግን ጣቷ አልታዘዝ አላት። ሰፍያ ጽሕፈት እንደ ውኃ የምታፈስ ሴት ናት፤ እዚህ ኮሌጅ ከገባች ጀምሮ አንድ ቀን ተቆልፎባት አያውቅም። ደግሞስ አቶ ገብሬ ለመስቀል ያልገቡት ምን ሆነው ነው? የበኩር ልጅ ናቸው። ዘበኛው ሳይቀር «ጋሼ ገብሬን ምን አገኛቸው?» ሲል ሰንብቷል።

ስልኳን አንስታ ፋንቱ ጋ ደወለች። ደንበኛዋን ማግኘት አይቻልም ተባለች። የፋንቱ አገር ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታ ተወጥቶ ነው፤ በመስቀል ሰሞን ደግሞ ስልክ ለመያዝ ኮረብታ የሚወጣ ሰው የለም። ደግማ ደወለች። ተነሥታ በሩን ዘጋች፣ መልሳ ከፈተችው፣ ከዚያ ወደ ሰፍያ መስኮት ወረደች።

ሰፍያ አዲስ ተማሪ እየመዘገበች ነበር። ሩፋይዳን ስታይ ዓይኗን ወረቀቱ ላይ ተከለች።

«ሰፍያ፣ የፋንቱ ፓስወርድ ጠፋሽ እንዴ?»

«ጠፋኝ።»

«የተማሪ መታወቂያ ቁጥር በቃሏ የምትለዋ ሰፍያ ናት የጠፋት?»

ሰፍያ ለተማሪው «አንዴ ጠብቀኝ ወንድሜ» ብላ መስኮቱን ዘጋችና ሩፋይዳን በክንዷ ይዛ ከኋላ ወዳለው ደረጃ፣ የውኃ በርሜሎቹ ወደተደረደሩበት ወሰደቻት። ግራና ቀኝ አየች።

«ሆን ብዬ ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ወላሂ ሆን ብዬ ነው። ቆመውብኝ ነበር። ሦስቴ የማይሆን ነገር መታሁና ተቆለፈ አልኳቸው።»

«ምን አድርጊ ብለውሽ?»

«የባለ ሕንጻውን ልጅ ታውቂው የለ? አካውንቲንግ አንዱን ትምህርት ወድቋል። በፋንቱ ግቢና ኤፉን ሲ አድርጊው አሉኝ። መምህሩ ተስማምቷል፣ ወረቀቱ ኋላ ይመጣል አሉ። መምህሩ እኮ ሥራ ለቆ ከሄደ ሰነበተ።»

«ታዲያ አላደርግም አትያቸውም?»

«ለአቶ ገብሬ? ለሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ባለቤቴ የታመመ ጊዜ መኪና ፈልገው አታት ሆስፒታል ድረስ ያደረሱልኝ እሳቸው ናቸው። በምን አፌ ነው እምቢ የምላቸው?» የሻሿን ጫፍ ጠቀለለች። «ፋንቱ ደግሞ ስትሄድ ቤቴን ጠብቂልኝ ብላኛለች። እንዲህ ነው ያለችኝ፣ ቤቴን። ምን ላድርግ? ሲቆለፍ እፎይ አልኩ።»

«እኔ ጋ እንደሚመጡ አላሰብሽም?»

«አስቤያለሁ» አለች ሰፍያ። «አፉ በይኝ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ መላ አታጪም ብዬ ነው።»

ሩፋይዳ ተናደደች። በሰፍያም ተናደደች፣ በአቶ ገብሬም፣ ይህን ሁሉ ሳታውቅ አገር ቤት ክትፎ በምትበላው ፋንቱም ጭምር። ሰፍያን በርሜሎቹ አጠገብ ትታት ወጣች። ፎቁ ላይ ሳትደርስ ዘበኛው ከኋላዋ ተጣራ፤ ጋሼ ገብሬ ይፈልጉሻል አላት።

አቶ ገብሬ ቢሯቸው ውስጥ ቆመው በመስኮቱ ወደ መናኸሪያው ያያሉ። ወደ ጉብርዬ የሚሄድ አንድ ሚኒባስ ሰው አጥቶ ጥሩንባውን ይነፋል፤ መሄድ ያለበት ሁሉ ከሄደ ቆይቷል።

«ተከፈተ?»

«አልተከፈተም።»

«ተቀመጪ» አሏትና እሳቸውም ተቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልካቸው ተንቀጠቀጠ፤ አይተው ገለበጡት። «ዛሬ እዚህ መሆን አልነበረብኝም፣ ሩፋይዳ። ወንድሞቼ በሬውን እኔ በሌለሁበት አረዱት። እናቴ፣ ሞቶ ነው የምትደብቁኝ ብላ እያለቀሰች ነው አሉ። አንቺም የዚሁ አገር ልጅ ነሽ፤ ነገሩን ታውቂዋለሽ።»

«ለአረፋ ሳይገባ የቀረ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ» አለች ሩፋይዳ። የእውነት አሳዘኗት።

«የቀረሁት በዚህ ጣጣ ነው። የባለ ሕንጻው ልጅ ሥራ አግኝቷል፤ ነገ ማስረጃውን ይዞ ካልቀረበ አባቱ ሕንጻዬን ልቀቁልኝ እያለ ነው። ይኼን ሁሉ ተማሪ ይዤ የት እገባለሁ? ሠራተኛውስ? አንቺስ? አንድ ውጤት ነው። ሰው አልገደልን።»

«መምህሩ ተስማምቷል?»

«መምህሩን የት አገኘዋለሁ?» አሉ ሳያስቡት። ለሰፍያ የነገሯትን ረስተውት ነበር።

«እሺ፣ በማን ስም ነው የሚገባው?»

«በፋንቱ ነዋ። ውጤት የምታስገባው እሷ አይደለች?»

«የገባው ሁሉ ከነስሙና ከነሰዓቱ ይቀመጣል፣ አቶ ገብሬ። ከመስቀል በኋላ ተቆጣጣሪዎች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ ብለው ስብሰባ ላይ የነገሩን እርስዎ ነዎት። ማን ለወጠው ብለው ሲፈልጉ የሚያገኙት ፋንቱን ነው። እሷ አታውቀውም። ሦስት ልጆች ያሏት ሴት ለፖሊስ ምን ብላ ትመልሳለች?»

«ያን ጊዜ እኔ አለሁላት።»

ይህን ሲሉ ግን ፊቷን አላዩም፤ ዓይናቸው ወደ ሚኒባሱ ተመለሰ። ከመሳቢያቸው ሁለት ገጽ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስተካክለው አስቀመጡት። የሩፋይዳ ኮንትራት ነው። የአሮጌው ጊዜ በዚህ ወር ያልቃል።

«ይኸው፣ ያንቺንም አዘጋጅቼዋለሁ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «ያንን ጨርሺና ነይ፣ እንፈራረማለን።»

ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ከኮንትራቱ በላይ የታያት ታናሽ እህቷ ናጃህ ናት። ናጃህን ከቡታጅራ አምጥታ እዚህ ወልቂጤ መሰናዶ ትምህርት ቤት ያስገባቻት በዚህ ደመወዝ ተማምና ነው። ታላቅ ወንድማቸው ጀማሉ መጀመሪያውኑ አልተስማማም ነበር። ወንድም ልቡ ያውቃል መሰለኝ፣ ልክ በዚያች ሰዓት ደወለ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት ነሽ? ኮንትራቱን ፈረሙልሽ?»

«ወአለይኩም ሰላም። ዛሬ ነው፣ ኢንሻአላህ።»

«ካልሆነ እኮ ችግር የለም። ሱቁ ሰው ይፈልጋል። ናጃህንም ይዘሽ ትመጫለሽ፣ እዚሁ ትማራለች። አትጨነቂ።»

ጀማሉ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሱቁ ውስጥ፣ በመኪና ጎማና በዘይት ቆርቆሮ መካከል፣ አንዲት ወንበር ከልጅነቷ ጀምሮ ትጠብቃታለች። ሩፋይዳ ኮምፒውተር የተማረችው ከዚያች ወንበር ለመሸሽ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። «ደውዬ እነግርሃለሁ» ብላ ዘጋችው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ዘንድሮ መብራት በፈረቃ ነው፤ ስምንት ሰዓት ላይ ይሄዳል፣ የሰርቨሩ ባትሪ ደግሞ ሻይ አፍልቶ ለመጠጣት የሚበቃ ጊዜ እንኳ አይይዝም። ዝም ብላ ብትጠብቅስ? እየሞከርኩ ነው ብትል፣ መብራቱ ቢሄድ፣ እጇን አጥፋ ብትወጣ? ማን ይወቅሳታል? መብራት ኃይልን መውቀስ የለመደ አገር ነው።

ተነሥታ መስኮቱ ጋ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ያልላላውን የባትሪ ገመድ እንደገና አጠበቀች። ሰፍያ ከቁልፉ ጀርባ ተደበቀች። እሷ ደግሞ ከመብራቱ ጀርባ ልትደበቅ ነው። ከዚያስ? ማታ መብራቱ ይመጣል። አቶ ገብሬ አዲስ አበባ ላለው፣ ፕሮግራሙን ለተከለው ሰውዬ ያስደውላሉ፤ እሱ ፋንቱን አያውቃት፣ አይራራላት፣ በስልክ ይከፍተዋል። የፋንቱ ስም መንገድ ላይ እንደተረሳ ጃንጥላ ነው፤ የፈለገ አንሥቶ ይጠለልበታል። ይህን ስታስብ ዕንባዋ መጣ፤ ከንዴት ይሁን ከፍርሃት ራሷም አላወቀችውም።

የስሞቹን ዝርዝር እንደገና አወጣች። «የተቆለፈ» የሚለው ቃል ከፋንቱ ሌላ አንድ ስም አጠገብ ብቻ አለ። ከሁለት ዓመት በፊት ተቆልፎ፣ ባለቤቱም ክፈቺልኝ ሳይል፣ እሷም ረስታው የኖረ ስም ነው። የአቶ ገብሬ። ምክትል ዲን የመምህሩ ወረቀት ሲቀርብለት ውጤት ማስተካከል እንደሚችል በኮሌጁ ደንብ ላይ ተጽፏል፤ ያን ጊዜ መብቱን ራሷ ሰጥታቸው ነበር። ተጠቅመውበት አያውቁም እንጂ ሁሉ ነገር በስማቸው ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

ሩፋይዳ አንዷን መስመር ጻፈች። ስሙ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ቢስሚላህ አለች፣ ቁልፉን መታች። ከዚያ አዲስ ፓስወርድ ሰጥታው ወደ ላይ ወጣች።

አቶ ገብሬ ሲያዩዋት ተነሡ። «አለቀ?»

«ከፍቻለሁ» አለች። ዳንቴሉን ከኮምፒውተሩ ላይ አንሥታ ኮምፒውተሩን አበራችው። ማሽኑ ሁለት ዓመት የጠጣውን አቧራ እያጓራ ተነሣ። አቶ ገብሬ ግራ ገብቷቸው ያዩዋታል።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሰፍያ ጋ ነው እኮ የሚሠራው።»

«የከፈትኩት የእርስዎን ነው፣ አቶ ገብሬ። የፋንቱ እንደተቆለፈ ነው፤ ራሷ ስትመጣ እከፍትላታለሁ። ውጤቱን በእርስዎ ማስተካከል ይቻላል፣ መብቱ አለዎት።» ወንበሩን ሳበችላቸው። «ፓስወርዱን ለጊዜው ስምዎን አድርጌዋለሁ። ግዕዙንም አጥፍቼዋለሁ፣ አያስቸግርዎትም።»

ሩፋይዳ አሁን ይጮሁብኛል፣ አሁን ውጪ ይሉኛል ብላ ጠበቀች። አቶ ገብሬ ግን ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እኔ ገብቼ ብለውጠው የእኔ ስም ይጻፋል?»

«ይጻፋል።»

«ሰዓቱም?»

«ሰዓቱም።»

«ለፋንቱ አለሁላት ብዬሽ የለም?»

«ብለውኛል። ለዚህ ነው በእርስዎ ይሁን ያልኩት።»

አንገታቸውን ነቀነቁ፤ እሺ ማለታቸው ይሁን መታዘባቸው አልታወቀም። እጃቸውን ፊደላቱ ላይ አኖሩ። በአንድ ጣት፣ እየፈለጉ፣ ስማቸውን መቱ። ስህተት ነው አለ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ እንደገና መቱ። አሁንም ስህተት ነው አለ። ሩፋይዳ አጠገባቸው ቆማለች፤ የሚመቱትን እያየች ነው፣ አታርማቸውም። ሦስተኛውን ከመምታታቸው በፊት ጣታቸው አየር ላይ ቆየ። ከዚያ በቅጡ ሳያዩ፣ ያገኙትን ፊደል መቱ።

«ተቆለፈብኝ» አሉ።

ሰፍያም በርሜሎቹ አጠገብ ስትናገር እንዲህ ዝቅ ያለ ድምፅ ነበራት። ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሁለቱም ያዩታል፣ የሚያነሣው የለም።

«ግድ የለም፣ እከፍትልዎታለሁ» አለች ሩፋይዳ። «ወርጄ እስክመለስ ነው።»

«አትቸኩዪ።»

ከጠዋት ጀምሮ ሲያጣድፏት የዋሉ ሰው ናቸው። ይህን ብለው ብዙም ሳይቆዩ መብራቱ ሄደ፤ ማሽኑም ጸጥ አለ። አቶ ገብሬ ረጅም ትንፋሽ አወጡ፤ ከመናኸሪያው የሚኒባሱ ጥሩንባ አሁንም ይሰማል። ኮታቸውን ከወንበሩ ላይ አነሡ። ኮንትራቱን አዩት፣ እስክሪብቶውንም አዩት፣ ሁለቱንም አልነኩም።

«እናቴ ጋ ልድረስ» አሉ። «የሕንጻውንም ሌላውንም ከመስቀል በኋላ እናየዋለን።»

«ማታ መብራት ሲመጣ የእርስዎን እከፍተዋለሁ» አለች ሩፋይዳ። «ሲመለሱ ክፍት ሆኖ ይጠብቅዎታል።»

አቶ ገብሬ በሩ ላይ ዞር ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወረዱ። ደረጃው ላይ «ሃሎ» ሲሉ ተሰማት፤ ከዚያ ያሉትን አልሰማችውም። ሩፋይዳ ብቻዋን ቀረች። ዳንቴሉን ለማልበስ አነሣችው፤ ኮምፒውተሩ ጋ ስትደርስ ተወችው። በአራት አጥፋ ካልተፈረመው ኮንትራት አጠገብ አስቀመጠችውና፣ ለጀማሉ ምን ብላ እንደምትደውል እያሰበች ወደ ክፍሏ ወረደች።